የነሐሱ ቧንቧ

ጋሽ ሙህዲን የሚያፈሰውን የራዲያተር መገጣጠሚያ ትተው፣ ደህና የሚመስለውን ሌላኛውን የፕላስቲክ መገጣጠሚያ በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። እንደ ብስኩት ተፈረካከሰና የቀረው ውሃ መሬት ላይ ተንዠቀዠቀ።

«ኧረ ጋሼ! ይሄኛው እኮ ደህና ነበር!» ሾፌሩ ጭንቅላቱን ያዘ። ነገ ጠዋት እናቱን ለዓይን ኦፕራሲዮን አዲስ አበባ ማድረስ ነበረበት። ይህ ዕቃ ደግሞ እንኳን እዚህ አዋሳ፣ አዲስ አበባም ከጠፋ ሁለት ዓመት አልፎታል።

«የእኔን ጣት ያልቻለ የሞጆን መንገድ ይችላል?» አሉ ሽማግሌው መካኒክ ቆጣ ብለው። ከቱታቸው ኪስ ሁለት አጫጭር የነሐስ ቱቦዎች አወጡ። ዳር ዳራቸው በሞረድ ለስልሶ፣ ልካቸው ከፕላስቲኩ አንድ ነበር። በፕላስቲኮቹ ቦታ ገጥመው፣ የውሃ ጎማውን በላያቸው ገፍተው በሽቦ አጥብቀው አሰሩት። ሾፌሩ በሙሉ ጉልበቱ ቢጎትተው ንቅንቅ አላለም።

«ይሄንን ከየት አገኙት?»

«ተገኘ። ይልቅ ውሃ አምጣ።»

ሾፌሩ ጣሳ ይዞ ወደ ግቢያቸው ቧንቧ ሄደ። ባለፈው ሳምንት እጁን የታጠበበት ረጅሙ የነሐስ ቧንቧ ቦታው ላይ አልነበረም። በቦታው በላስቲክ የተጠቀለለ እንጨት ተወትፎ፣ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። ጣሳውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«ምን ይገትርሃል?» አሉት ጋሽ ሙህዲን ከሞተሩ ላይ ቀና ሳይሉ። «ከጎረቤት ቅዳ። መኪናዋ አንዲት ጠብታ ካፈሰሰች፣ እናትህን ይዘህባት አትሄድም።»