«የትም ቢሆን ደስ ይለኛል» ያለችው ነርስ

ሦስት ደቂቃ ብቻ ስጡኝ... ካልወደዳችሁት ኮሜንት ላይ ስደቡኝ፤ እችላለሁ።

«ሲስተር፣ ዛሬስ ስንት ገባች?»

«አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ! ከትናንት ሠላሳ ግራም ጨምራለች!»

ጠያቂው የታክሲ ሹፌር ነው። እግሩ ተሰብሮ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ፣ አጥንት ክፍል ከተኛ ሦስተኛ ሳምንቱ።

ሚስቱ ደግሞ እዚያው ሆስፒታል፣ ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ፣ ቀኗ ሳይደርስ ከተወለደች ልጃቸው ጋር ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ናት።

አባት ልጁን ገና በዓይኑ አላያትም...

መልስ የምትሰጠው ነርስ ታላቅ እህቴ ናት።

በየቀኑ ምሳዋን በቁሟ ጎረስ ጎረስ ታደርግና ደረጃውን ትወጣለች። በመስታወት አሻግራ ታያለች። ወርዳ ለአባትየው ታወራለታለች... እንዴት እንዳዛጋች፣ እንዴት ቱቦውን በጣቷ እንደጨበጠች።

ለማታውቁ ላስረዳ። ጨቅላ ክፍል ይሞቃል፤ ሰው የሚያወራው በሹክሹክታ ነው። ነርሷ ከመዳፏ ብዙም የማይበልጥ ሰው ትንፋሽ ስትቆጥር ትውላለች። ብዙ ነርስ ይፈራዋል።

እህቴ ግን ከተማሪነቷ ጀምሮ ሌላ ክፍል ተመኝታ አታውቅም።

ታዲያ አጥንት ክፍል ምን ትሠራለች?

እኛ ቤት መልሱ የታወቀ ነበር። ሜትረኗ! ነርሶችን በየክፍሉ የሚመድቡት አለቃ ማለት ናቸው። እናቴ ሦስት ዓመት ሙሉ «ያቺ ሴትዮ፣ ልጄ ምን በድላት ነው?» እንዳለች ነው።

አንድ ቀን ሹፌሩ እህቴን አፋጠጣት።

«ሲስተር፣ ስለ ልጄ ስታወሪ ፊትሽ ይበራል። እኔን ግን እንደ ነከሰ፣ አልነሳ እንዳለ ሞተር ነው የምታዪኝ። ለምን እዚያ አትሠሪም?»

«አልመደቡኝማ።»

«ጠይቀሻል?»

«በየዓመቱ ፎርም እንሞላለን። ‹የምትመርጪው ክፍል› ይላል።»

«እና ምን ብለሽ ሞላሽ?»

እህቴ አቀረቀረች።

«...‹የትም ቢሆን ደስ ይለኛል› ብዬ።»

ሰውየው የተሰበረ እግሩ እስኪያመው ሳቀ። የጎረቤት አልጋዎችም አብረው ሳቁ።

«ስሚኝማ እህቴ... አንድ ተሳፋሪ ገብቶ ‹የትም አውርደኝ፣ ደስ ይለኛል› ቢለኝ የት የማወርደው ይመስልሻል?»

«የት?»

«ለእኔ በሚመቸኝ ቦታ ነዋ!»

እህቴ ሰነፍ እንዳትመስላችሁ። ይሉኝታ ነው የያዛት። «ይሄን እፈልጋለሁ ካልኩ መራጭ ይሉኛል፤ ዝም ካልኩ ራሳቸው አይተው ይሰጡኛል» ትላለች። ፈረቃ ቀይሪኝ ሲሏት «ችግር የለም!»፣ እሁድ ግቢልኝ ሲሏት «ችግር የለም!»... በሆስፒታሉ ስሟ ራሱ «ችግር-የለም» ሆኖ ቀርቷል።

አሁን ልብ በሉ... ያን ሰሞን ጨቅላ ክፍል አንድ ቦታ ተከፍቶ ነበር። ማስታወቂያው ከተለጠፈ ሳምንት ሆኖታል። እህቴ በየቀኑ ታነበዋለች... ታልፈዋለች።

ምዝገባው የሚያበቃው ደግሞ ሹፌሩ ባፋጠጣት በዚያው ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን፣ ይህን ከእህቴ የሰማው ሹፌር ከአልጋው ጮኸ። «ሲስተር! ወራጅ ካለ ይናገር!»

ወደ ሜትረኗ ቢሮ ሄደች።

«ግቢ ችግር-የለም!» አሉ ሜትረኗ ፈገግ ብለው። «ምን ልታዘዝ?»

እህቴ በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«ሲስተር... ችግር አለ።»

ሜትረኗ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ።

«ጨቅላ ክፍል መሥራት እፈልጋለሁ። ሌላ የትም አይደለም። እዚያ።»



ሜትረኗ ተነስተው ፋይሏን አወጡ። ሦስት ፎርሞች ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ሦስቱም ላይ ያው የእህቴ ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ... «የትም ቢሆን ደስ ይለኛል።»

«ልጄ፣ እኔ እኮ አጥንት ክፍልን የምትወጂው ነበር የሚመስለኝ! በየስብሰባው ሳመሰግንሽ! በሦስት ዓመት ጨቅላ ክፍል ሁለት ቦታ ተከፍቶ ሁለቱንም ለጠየቁት ሰጠሁ። አንቺን ማን ከለከለሽ?»

ማንም።

እናቴ ስትወቅሳቸው የኖረቻቸው ሴትዮ እህቴን በልባቸው ያደንቋት ነበር!

ቆይ፣ አላለቀም...

ሜትረኗ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እዚህ ሆስፒታል ከገባሁ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ስቀጠር የት ትፈልጊያለሽ ቢሉኝ እኔም ይቺኑ ቃል ተናገርኩ። መድኃኒት መጋዘን ሰጡኝ። ከመጋዘን ቢሮ፣ ከቢሮ ቢሮ... ልቤ ግን እዚያው ሕፃናቱ ጋ ነበር። ለማንም ነግሬ አላውቅም።»

ከዚያ እስክሪብቶውን አነሱ።

«ከነገ ጀምሮ ሁለት ሳምንት ለሙከራ። ካልሆነልሽ ወደ አጥንትሽ ትመለሻለሽ።»

ሆነላት! በሁለተኛው ሳምንት ሹፌሩ በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍቶ መጣ። እህቴ ልጅቷን አንስታ ደረቱ ላይ አስተኛችለት። ሁለት ኪሎ ሊሞላት ትንሽ ነው የቀራት። ሰውየው እንባውን መጥረግ እንኳ ፈራ... እንዳትነቃበት።

«ሲስተር» አለ በሹክሹክታ፣ «ደረስሽ። ውረጂ።»

ከወር በኋላ ደግሞ በምሳ ሰዓት በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ሜትረኗ ናቸው። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበዋል፣ ጋዎን ለብሰዋል፣ እንደ አዲስ ተቀጣሪ በሩ ላይ ቆመዋል።

«አንድ ነገር እፈልጋለሁ...» አሉ። «ሐሙስ ሐሙስ፣ አንድ ሰዓት ብቻ... እዚህ ልሥራ?»

እህቴ ምን ብትል ጥሩ ነው?

«ችግር የለም!»

ወዳጆቼ፣ ይሉኝታ ክፉ ነገር አይደለም። ግን የልባችሁን ፎርም የሚሞላላችሁ ሌላ ሰው የለም። በሩን የዘጋብን የሚመስለን ሰው ብዙ ጊዜ እስክናንኳኳ እየጠበቀ ነው።

እናንተስ... ልባችሁ አንድ ቦታ ሆኖ አፋችሁ «የትም ቢሆን» ያለው መቼ ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉት፤ ሁሉንም አነባለሁ።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ስልኩን አስቀምጡና ለሚመለከተው ሰው ሄዳችሁ በአፋችሁ ንገሩት። ዛሬውኑ... አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ።