ብርድ የለመዱት እስስቶች

ዕድላዊት ሦስት እስስቶች በሽቦ ሳጥን ይዛ ወደ ጨንቻ የሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ስትገባ ተሳፋሪው ሁሉ ጸጥ አለ። ረዳቱ ግን ሳቀ።

"እህቴ፣ እነዚህስ ይከፍላሉ? ሂሳብ ስሰበስብ የወንበሩን መልክ ይዘው እንዳይሸውዱኝ!"

ሰዉ ተንከተከተ። ዕድላዊት አንገቷን ደፋች። ስምንተኛ ክፍልን እንደምንም ጨርሳ ቤት የቀረች፣ ስሟ ሲጠራ እንኳ የምትደነግጥ ልጅ ናት። እስከዚያ ቀን ድረስ ከውሃ ጀሪካን በቀር አደራ የሰጣት ሰው አልነበረም።

እስስቶቹ የወንድሟ የዕዝራ ናቸው። ከተራራ አምጥቶ የመመረቂያ ጥናቱን ይሠራባቸዋል። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ያለችው የኪራይ ክፍሉ ግን እንደ ምድጃ ትግላለች። እስስቶቹ እንቅልፍ አጥተው ሌሊቱን ሙሉ ሽቦውን ሲቧጥጡ ያድራሉ። ዓይናቸው ጎድጉዷል፤ መብላትም ትተዋል።

"ቀኑን ይችሉታል፤ የሚገድላቸው ሌሊቱ ነው" አላት። "የደጋ ፍጥረት ናቸው፤ ሌሊት መቀዝቀዝ አለባቸው። ፈተናዬን ጨርሼ እስክመጣ አክስታችን ቤት ውሰጃቸው። ከደጅ ይደሩ። እነሱ ከሞቱ የዓመት ልፋቴ አለቀ። አንቺን አምኛለሁ።"

መንገዱን ሙሉ ይህችን የመጨረሻዋን ቃል በልቧ ስትደጋግም ሄደች።

አክስቷ አገርነሽ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ከጸሎት ቤት የማትጠፋ ሴት ናት። ዕድላዊትን አገላብጣ ሳመቻትና ሳጥኑን ስታይ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

"በኢየሱስ ስም! ይኼን ወደ ቤቴ?"

"ከደጅ ነው የሚያድሩት፣ አክስቴ።"

"መልኩን የሚለዋውጥ ነገር አላምንም። ሰውም ቢሆን!"

ዕድላዊት ሳጥኑን ከቀርከሃው ቤት ጣራ ክፈፍ ሥር ሰቀለችው። በሩ አጠገብ አክስቷ ለፖም ዛፎቿ የምትረጨው የተባይ መድኃኒት ቆሟል። ዕድላዊት ጠርሙሱን አየችው። ከተኛች በኋላ አክስቷ ከደጅ ስትንሾካሾክ ሰማች። ቃሉን አልለየችውም።

ጎህ ሲቀድ ጭጋግ ግቢውን ውጦት ነበር። ዕድላዊት ሳጥኑን ከፈተች። ሁለቱ ሴቴ እስስቶች አመድ መስለዋል። ነካቻቸው፤ እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዛሉ። ብትነቀንቃቸውም ዓይናቸውን አልገለጡም። ወንዱ፣ እርምጃውን አስቦ አስቦ ስለሚያነሣ "ሽማግሌው" የምትለው፣ ከቅጠሉ ውስጥ የት እንደገባ አልታያትም።

አክስቷ ዶማ ይዛ ከኋላዋ ቆማ ነበር።

"ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ሳይወጡ ቶሎ እንቅበራቸው። ካዩ ሰፈሩ ሁሉ ያወራብናል።"

ጉድጓዱን የቆፈረችው አክስቷ ናት። ዕድላዊት እያለቀሰች እስስቶቹን አወጣቻቸው። ሁለቱም ቅርንጫፉን ጨብጠው ስለነበር ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረባት። አፈሩን መለሱ፤ አክስቷም በእግሯ ደመደመችው።

ረፋድ ላይ ሽማግሌው ከቅጠሉ መሐል አረንጓዴ ሆኖ ብቅ አለና አንዲት ዝንብ በምላሱ ቀለባት። ዕድላዊት ሳጥኑን አቅፋ ተንሰቀሰቀች። አንዱ ተርፎላታል። አክስቷ የረጨችው መርዝ ያልደረሰው፣ ተደብቆ ስለነበር ብቻ ነው ብላ አሰበች።

ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጥታ ለዕዝራ ደወለች።

"ሌሊቱ ቀዘቀዘላቸው?" አላት።

"በጣም።"

"ተመስገን! እንግዲያ ድነዋል ማለት ነው። ነገ እመጣለሁ። ጎበዝ፣ የኔ እህት!"

ልትነግረው አፏን ከፈተች። ግን "እሺ" ብቻ ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ሲመሽ የመድኃኒቱን ጠርሙስ አንሥታ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣለችው።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለች አክስቷ።

"አንቺ ታውቂዋለሽ።"

ትልቅ ሰው ዓይን ዓይኑን እያየች ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። ጋቢ ተከናንባ ሳጥኑ ሥር ተቀመጠች። አልተኛም ብላ ነበር፤ ወደ ንጋት ላይ ግን እንቅልፍ ጣላት።

ስትነቃ ሌላ ጋቢ ተደርቦላታል። አክስቷ ሳጥኑ አጠገብ ቆማለች። ሽማግሌው አመድ መስሎ፣ ደርቆ፣ ቅርንጫፉ ላይ ተጣብቋል። ዕድላዊት ነካችው። ቀዝቃዛ ነው።

"ገደልሽው!"

አክስቷ ጎንበስ ብላ ጤዛ ያዘለ ሣር ነጨችና የአገር ሽማግሌዎች ለእርቅ እንደሚያደርጉት በሁለት እጇ ይዛ፣ በአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ፊት ጭቃው ላይ ተንበረከከች።

"አልነካኋቸውም፣ ልጄ። ግን ሁለቱንም ሌሊት፣ 'ጌታ ሆይ፣ እነዚህን ከደጄ አንሣልኝ' ብዬ ጸልያለሁ። ክፉ ነገር ይነካሻል ብዬ ፈርቼ ነው። የገደላቸው ጸሎቴ ከሆነ ይቅር በዪኝ።"

በጋሞ ምድር ሣር ይዞ የተንበረከከ ሰው እምቢ አይባልም። ዕድላዊት ይህን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ሣሩን ከአክስቷ እጅ ነጥቃ በተነችው።

"እግዚአብሔር ልጅ የከለከለሽ አውቆ ነው!"

አክስቷ እንደ ተንበረከከች ቆየች። ከዚያ ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ ተነሣች፤ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ዶማዋን አንሥታ ሁለተኛውን ጉድጓድ ልትቆፍር ወደ ጓሮ ዞረች።

ዶማው አፈሩን ሲመታ እየተሰማ ጭጋጉ ተገፈፈ፤ ፀሐይዋም ሳጥኑ ላይ ስታርፍ ሽማግሌው ፀሐይ ከሞቀው ጎኑ ጀምሮ ቀስ በቀስ አረንጓዴ እየሆነ አንድ ዓይኑን ገለጠ።