የቤት ጉብኝቱ ካርታ

ሚቺዮ የኢንተርኔቱን ገመድ ከግድግዳው መንጭቃ ነቀለችው። ባሏ ታኩጂ ሊይዛት እጁን ዘርግቶ ነበር፤ አልደረሰባትም።

«ምን ነካሽ? ሊያልቅ ምን ቀረው!» አለ። ሲያወርድ የነበረው የድሮ የሳሙራይ ድራማ ነው።

«ይሄን አንብብልኝ» አለችው፣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ ቀስራ።

ታኩጂ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ፋይል የሚለዋወጥበት ፕሮግራም «ለሌሎች የሚሰጡ» ብሎ ከደረደራቸው ፋይሎች መካከል የእሷም ሥራ ተሰልፏል፦ «አራተኛ ክፍል፣ የቤት ጉብኝት ካርታ፣ መምህርት ኩራሞቶ»። በየዓመቱ በጸደይ አስተማሪ የተማሪዎቹን ቤት በየተራ ይጎበኛል። ሚቺዮም በብስክሌት የምትዞርበትን መንገድ ሥላ፣ በየቤቱ ላይ የልጁን ስም ጽፋበታለች። ካርታውን ትምህርት ቤት ሳለች መጨረስ ስላልቻለች እንደ ባልደረቦቿ ሁሉ ሥራዋን ቤት ይዛ መጣች፤ የቤታቸው ኮምፒውተር ዴስክቶፕ ላይ አስቀመጠችው።

«ዴስክቶፑን እንዳለ ነው ያጋራኸው?»

«አዲሱን ፕሮግራም ስጭን ፎልደር ምረጥ አለኝ። መረጥኩ። የአንቺ ነገር እዚያ መኖሩን በምን ልወቅ?»

ካርታው ላይ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከልብስ ንጽሕና መስጫው በላይ፣ «ሳኪ ሂራቤ» የሚል አለ። ሳኪና እናቷ ክረምት ላይ ከሚደበድብ አባት ሸሽተው የመጡ ናቸው። አድራሻቸውን ከርእሰ መምህሩና ከሚቺዮ በቀር የሚያውቅ የለም። ሰውየው በቅርቡ ትምህርት ቤቱ ድረስ ደውሎ ልጁን በስሟ ጠይቋል። እንዲህ ያለች ልጅ የለችም ተባለ። ስልኩን የዘጋው ግን አምኖ አልነበረም።

«አሮጌው ነው አዲሱ?» አለች ሚቺዮ። «ሲሠራ የነበረው የትኛው ነው?»

ታኩጂ ሁለቱን ፕሮግራሞች ሲያወዳድር ከርሟል። እራት በቀረበ ቁጥር አሳውን ትቶ ስለ እነሱ ነበር ወሬው። አሮጌው፣ ይል ነበር፣ ከራስህ መደርደሪያ እንደማዋስ ነው፤ የፈለገ በርህ ላይ መጥቶ ይጠይቃል፣ በሩን ከዘጋህ አለቀ። አዲሱ ግን የሰጠኸውን ቆራርጦ በማታውቀው ሰው ሁሉ ቤት ያስቀምጠዋል፤ መጀመሪያ ማን እንደሰጠው ፖሊስም አያውቅም። ይህን ሲናገር ራሱ የፈለሰፈው ይመስል ደረቱን ይነፋ ነበር። ሚቺዮ አንዱንም ሳትሰማ «እህ» ትለው ነበር። አሁን እያንዳንዷ ቃል ትዝ አለቻት።

«አዲሱ ነው» አለ ታኩጂ ቀስ ብሎ። «ከሐሙስ ጀምሮ።»

«የፋይሉ ባለቤት መልሼ ልውሰድ ቢልስ?»

ታኩጂ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሳ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ይሄኛው አፋፉንም አልፎ ሄዷል። የሾለከ ፋይል እየለቀሙ በየኢንተርኔት መድረኩ መለጠፍን መዝናኛ ያደረጉ ሰዎች መኖራቸውን ሁለቱም በዜና ሰምተዋል።

ታኩጂ ከቁም ሳጥኑ አሮጌ ላፕቶፕ አወጣና ገመዱን ሰካበት። አዲሱን ፕሮግራም እሱም ላይ ከፈተ። «የኛው ኮምፒውተር ተቋርጧል። የፋይሉ ስም እዚህ ላይ ካልወጣ ማንም አልወሰደውም ማለት ነው። ያኔ ተርፈናል።»

የፋይሉን ስም ጽፎ ፈልግ አለው። ውጭ ጎረቤታቸው መኪናውን እያጠበ ያፏጫል። ስክሪኑ ባዶ ነበር። ባዶ እንደሆነ ቆየ። ሚቺዮ መተንፈስ ጀመረች።

ከዚያ አንድ መስመር ብቅ አለ። ከሥሩ ሌላ፣ ያው ስም።

«ስሙ ብቻ ይሆናል የቀረው» አለ ታኩጂ ፈጥኖ። «አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል፣ ኋላ ይጠፋል። ሚቺ፣ እስከ ነገ እንጠብቅ።»

«እስከ ነገ የሳኪ አባት ቢያገኘውስ?»

«ከተናገርሽ ወላጅ ሁሉ ፊት ቆመሽ ጎንበስ ብለሽ ይቅርታ ልትጠይቂ ነው። ከዚያ በኋላ ማን አስተምሪ ይልሻል?»

«ማንም አይለኝም» አለች። ማስተማር ትወድ ነበር፤ ከማስተማር ሌላ የምታውቀው ሥራም አልነበረም። ስልኩን አነሳች።

ባለፈው ዓርብ ለጉብኝት ሂራቤ ቤት ስትሄድ የሳኪ እናት የለመነቻት አንድ ነገር ብቻ ነበር። የክፍሉ ወላጆች የስልክ ሰንሰለት አላቸው፤ አስተማሪዋ ለመጀመሪያው ቤት ትደውላለች፣ እያንዳንዱ ቤት ለቀጣዩ ያስተላልፋል። ሂራቤን ግን ለደኅንነቷ ሲባል ከሰንሰለቱ ትተዋት ነበር። «እኔንም ያስገቡኝ» አለቻት። «ግን ጫፍ ላይ አይሁን። እኔም እንደ ሰው ለሰው ልደውል።» ሚቺዮ በማግስቱ ከኦጋታና ከናካዞኖ ቤት መሃል አስገባቻት።

ስልኩ ገና ሁለቴ ሳይጠራ ተነሳ።

«መምህርት! ኦጋታ ቤት የሉም እንዴ? ቀጥታ እኔ ዘንድ ደወሉ።» የሴትዮዋ ድምፅ በደስታ ቀጥኗል። «አንዴ ይታገሡኝ፣ እርሳስ ልያዝ። ቃል እንዳላዛባ እጽፈዋለሁ።» መሳቢያ ተከፈተ። «እሺ፣ ይበሉ። ለናካዞኖ ቤት ምን ብዬ ላስተላልፍ?»

ሚቺዮ ዓይኗን ጨፈነች።

«ለማንም አያስተላልፉ፣ ወይዘሮ ሂራቤ። ይሄ ለእርስዎ ብቻ ነው። ጥፋቱም የኔ ነው። ሳኪ አጠገብዎ ናት?»

እርሳሱ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ብቻ በስልኩ ተሰማ።