ሃምሳ ሳንቲም

«መልሴን!» አለ ተሳፋሪው፣ ከታክሲው ሳይወርድ።

«ሃምሳ ሳንቲም ናት እኮ ጋሼ» አለ ረዳቱ። «በዛሬ ጊዜ ምን ትገዛለች?»

«ምንም አትግዛ! የኔ ናት!»

አንቆ ከበሩ ጋር አላተመው። ረዳቱ በቴስታ አፉን መታው። ሰውዬው ከንዴቱ የተነሳ አልተሰማውም፤ ልጁን ደም በደም እስኪሆን ደበደበው። ረዳቱ የያዘውን ሳንቲም ሁሉ ፊቱ ላይ በትኖ እግሬ አውጪኝ አለ።

«ሃምሳ ሳንቲሜን ፈልጉልኝ!» ሲል አምባረቀ ሰውዬው።

አንዲት እናት ጎንበስ ብለው ከወንበር ሥር አንድ ነገር ለቀሙ። በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው አስጨበጡት።

«እንካ ልጄ፣ ያንተ ነው።»

ጭብጡን ከፍ አድርጎ ለሾፌሩ አሳየው። «አየህ? መብቴን አላስነካም!»

ኪሱ ሊከታት መዳፉን ገለጠ። የፊት ጥርሱ ነበር፣ ከነሥሩ።