ማንም ያልነካው ጊታር

ሀስና ከቁም ሳጥኑና ከአማቷ አልጋ መሃል ባለችው ክፍተት እጇን ሰደደችና ጊታሩን አውጥታ ለካሳ አቀበለችው።

ካሳ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ አየው። የጊታሩ አንገት፣ ጣት የሚያርፍበት እንጨት፣ ጥቁር እድፍ ጠጥቷል። ክሮቹም ጠቁረዋል።

«ማነው የሚጫወትበት?» አላት።

«ማንም።»

ካሳ ሸማ ተራ ጥግ ላይ የሙዚቃ መሣሪያ የሚጠግንባት ጠባብ ሱቅ አለችው። የሀስና ባል ሙናዊር ጓደኛው ነበር፤ ከሠርግ ሠርግ አብረው ሲዞሩ ነው ዕድሜያቸውን የፈጁት። ባለፈው ክረምት ሙናዊር እንደተቀመጠ ልቡ ቀጥ አለና ሞተ። ለቅሶው ሲያልፍ ካሳ ጊታሩን በገዛ እጁ አጽድቶ፣ አዲስ ክር ገጥሞ ለሀስና መለሰላት። ለጓደኛው ከዚያ ሌላ የሚያደርግለት ነገር አልነበረውም።

ሰው ያልነካው ክር አቧራ ይለብሳል፣ ቢበዛ ይዝጋል። ይህ ግን የጣት ላብ ነው።

«አፍራን ይጠይቋት፣ ጎረቤቴን» አለች ሀስና ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ሱቅ ስውል ሲመታ ይሰማል ትላለች። ዓርብ ዓርብ፣ ሰፈሩ ለጁምዓ ወጥቶ ጭር ሲል ደግሞ ይብሳል። ባለፈው እኔም በሩ ላይ ደርሼ ሰማሁት። ስገባ ጸጥ። ጊታሩም ቦታው ላይ ነው።» አይኗ እንባ አቀረረ። «ጋሽ ካሳ፣ ወይ እሱ ከዚህ ቤት ይውጣ ወይ እኔ እናቴ ጋ ልግባ። አልቻልኩም።»

አልጋው ላይ የሙናዊር እናት እማማ ሀያቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል። ልጃቸው የተቀበረ ዕለት ጉልበታቸው ከዳቸው፤ ከዚያ ወዲህ ሀስና ደግፋ ካላነሣቻቸው አይቆሙም። የሚታሹባት የዘይት ጠርሙስ ትራሳቸው ሥር ተወሽቃለች። ቀኝ እጃቸው ሙስበሃ ይቆጥራል፤ ግራው ከጋቢው አይወጣም።

ይህን ጊታር እንደ ጠላት ነበር የሚያዩት። «በኔ ቤት ይኼ ነገር አይጮህም» ብለው ልጃቸውን አኩርፈው ስንት ጊዜ ማዕድ ለይተውበታል። ሙናዊር እሳቸው የተኙ ሲመስለው ብቻ፣ ክሮቹን በጣቱ ጫፍ እየዳበሰ ይመታ ነበር።

ካሳ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠና ሥራውን ጀመረ። ክሮቹን አላልቶ አወለቀ። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ በአንገቱ ብረቶች መሃል ያለውን እድፍ ፈገፈገ። ጨርቁ ጥቁር አዝሙድ ጥቁር አዝሙድ ሸተተው። ቤቱ ከቅመም ሱቆቹ ጀርባ ስለሆነ አልገረመውም።

በልቡ ሀስናን ጠርጥሯታል። ሐዘን ሰውን ብዙ ነገር ያስደርገዋል።

«እንቅልፍ ይወስድሻል?» አላት።

«ማን እንቅልፍ አየ?»

ሻይ ስታቀብለው ጣቶቿን ሰረቅ አድርጎ አየ። ክር የሚጫን ጣት ጫፉ እንደ ጫማ ቆዳ ይደነድናል። የሷ እንደ ሕፃን ጣት ለስላሳ ነው። ካሳ አፈረ፤ ደግሞም ፈራ።

ወደ እንጨቱ ተመለሰ። አሁን በደንብ ታየው፤ እድፉ ሁሉም ቦታ አልነበረም። ከጊታሩ ራስ አጠገብ ባሉት ክፍሎች ብቻ፣ በቀጫጭኖቹ ክሮች ሥር ነው የተከማቸው። ካሳ ግራ እጁን በእድፉ ላይ አሳረፈ፤ ጣቶቹ ሳያዛቸው ተራ በተራ ተንቀሳቀሱ። ዜማውን ያውቀዋል። ሙናዊር ጀምሮት ሳይጨርሰው የሞተው ዜማ ነው። መድረክ ላይ አልወጣም፤ አልተቀዳም። ለካሳ ብቻ፣ ያውም አንድ ጊዜ ነው ያሰማው።

እጁን ከጊታሩ ላይ ፈጥኖ አነሣ።

ጨርቅ በዘይት ነክሮ እንጨቱን ቀባ፤ እስኪጠጣው ጠበቀና ወለወለው። አዲስ ክር ገጠመ። ሲቃኝ አንዷን ክር ከልክ በላይ ወጠራት። የሙስበሃው ቅጭልጭልታ ተቋረጠ። ክሯን ረገብ አድርጎ ልኳን ሲያስይዛት፣ ሙስበሃው ቀጠለ።

ድምፁን ለመሞከር ብሎ የዜማውን መነሻ መታው። የሀስና ፊት አመድ መሰለ።

«እሱን ነው» አለች። «በሩ ላይ የሰማሁት እሱን ነው! ጋሽ ካሳ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ይዘውልኝ ይሂዱ።»

«አይሄድም።»

እማማ ሀያቱ ናቸው። ካሳ ከገባ ጀምሮ ቃል ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነው። ፊታቸው ወደ ግድግዳው እንደዞረ ነው።

«ልጄ ነው የሚመታው። ምን አደረገሽ? ልጄን ከቤቴ አታስወጪብኝ።»

ሀስና አፏን በነጠላዋ ይዛ እየተንሰቀሰቀች ወደ ግቢው ወጣች። የአፍራ ድምፅ፣ የሌሎች ጎረቤቶችም ድምፅ ተከትሎ ተሰማ።

ካሳ መሃል ላይ ቆመ። ቢወስደው አሮጊቷ፣ ቢተወው ሀስና። ሙናዊር አጠገቡ የቆመ እየመሰለው ወደ ጎን ማየት ፈራ። በመጨረሻ ጊታሩን ወደ ቦታው መለሰውና ሊሰናበት አልጋው ላይ ጎንበስ አለ።

«እማማ፣ ደህና ይዋሉ። አላህ ያጽናዎት።»

አሮጊቷ ቀስ ብለው ዞሩ። በሩን አዩ፤ ማንም አልነበረም። ግራ እጃቸውን ከጋቢው ሥር አውጥተው ክንዱን ያዙት።

«ካሳ ልጄ፣» አሉት በሹክሹክታ፣ «እስከዚያ ድረስ አግኝቼዋለሁ። ከዚያ ቀጥሎ ጣቴን የት ላድርግ?»