የፋንታዬ በሬ ውጤት

«ቢላዋችሁን መልሱ!» አለ ኤልሳዕ፣ ከሞተው በሬ ፊት ቆሞ።

ማንም ቢላዋውን አልመለሰም። ጎረቤቶቹ የእንሰት ቅጠልና ቢላዋ ይዘው መጥተዋል። የሰው በሬ በድንገት ሲወድቅ ሥጋውን ተቃርጦ ገዝቶ ባለቤቱን መደገፍ የሰፈሩ ደንብ ነው፤ ይህንን በሬ ለመስቀል በዓል ስታደልብ የከረመችው ፋንታዬ ደግሞ ባሏ የሞተባት ናት። ለደግነት የመጣን ሰው መከልከል ምን ዓይነት የተረገመ ሥራ ነው!

«ዶክተር፣ አባሰንጋ መሆኑን በምን አወቅህ?» አለ ዱባለ። ኤልሳዕ የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ እንጂ ዶክተር አይደለም፤ ሰዉ ግን እንዲህ ነው የሚጠራው። «አምና የአሮንን ላም አስቀበርከን። የምርመራው ውጤት ይመጣል አልክ። መጣ?»

አልመጣም። ኤልሳዕ አፈረ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደደ። ከበሬው አፍንጫ የወረደው ጥቁር ደም፣ የበላውንም የነካውንም ሰው የሚገድለው አባሰንጋ ለመሆኑ ለእሱ በቂ ማስረጃ ነበር። ለሰዎቹ አልበቃም፤ አይፈረድባቸውም።

ማለዳ ከበሬው ጆሮ የቀዳውን ደም ለምርመራ በሞተር ወደ ሶዶ ልኮ ነበር። ደወለ። እዚያ ላብራቶሪ የምትሠራው ልጅ፣ ትዕዛዝ፣ ስልኩን አነሳች።

«ኤልሳዕ፣ መመርመሪያው ኬሚካል ካለቀ ቆየ እኮ። አዲስ አበባ እንልከዋለን፤ ከዚያ በኋላ እንጃ።»

ዱባለ ቢላዋውን እየሳለ ያያል። ኤልሳዕ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አባሰንጋ ነው? ተረጋገጠ? እሺ፣ ጌታ ይባርክሽ።»

«ምን ነካህ አንተ?» አለች ትዕዛዝ። ዘጋው።

ወንዶቹ ቢላዋቸውን ትተው ጉድጓድ ሊቆፍሩ ሄዱ። ዱባለ እንኳ «ተመስገን፣ ሳንበላው» አለ። ኤልሳዕ ስልኩን እንደያዘ ከኋላቸው አያቸው። ሲማር የኖረው ለዚህ ነበር? ዋሽቶ ሰው ለማዳን?

ያኔ ፋንታዬ ጠጋ አለችው። «ልጄ፣ ሲወድቅ አሳዘነኝና ደሙን ከአፍንጫው ጠረግሁለት። በዚህ እጄ።» አውራ ጣቷ ሥር እንሰት ስትፍቅ የተቆረጠችው ቁስል ገና አልገጠመም።

ኤልሳዕ ደነገጠ። «አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱ እናቴ! መድኃኒት አለው። አባሰንጋ ነው ይበሏቸው።»

«ማስረጃ ይላሉ። የአሮንን ሚስት እንዲያ ብለው መለሷት፤ ሳምንት አልቆየችም።» ፊቷ ግን ተስፋ ነበረበት። «የእኔ ተረጋግጧል። ያቺ ልጅ ለእነሱም ትንገርልኝ፤ ደውልላት።»

ስልኩ እጁ ላይ ጮኸ። ትዕዛዝ ናት።

«ይኸው፣ ራሷ ደወለች!» አለች ፋንታዬ፣ ልትቀበለው የቆሰለ እጇን ዘርግታ።