ሰባቱ እህትማማች ካርታዎች

ጡረተኛው ቀያሽ የሚስቱን ዛቻ ለአንድ ቀንም ረስቶት አያውቅም። «ከእንግዲህ አንዲት ካርታ ወደዚህ ቤት ብትገባ፣ እኔ ወደ እህቴ ቤት እገባለሁ!» ብላዋለች። ሚስቱ ደግሞ ስትዝት ቀልድ አታውቅም።

እሱ ግን የጥንት ከተማ ካርታ ሲያይ ልቡ ይሸፍታል። አንድ ቀን በአሮጌ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ፣ ወንዝ መሀል ለመሀል የሚያቋርጣት የአንዲት ከተማ ካርታ አየ። በመዳብ ሰሌዳ ተቀርጻ የታተመች ናት። ገዛት፤ ጠቅልሎ ካፖርቱ ውስጥ ሸሸጋት፤ ሚስቱ ወጥ ቤት ሳለች በቁም ሳጥኑና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት ቁልቁል ጣላት። ቁም ሳጥኑ አንድ ሰው ብቻውን የሚያነቃንቀው አይደለም። ካርታዋን መልሶ ባያያትም፣ እዚያ መሆኗን ማወቁ ብቻ አንጀቱን አራሰው።

በሳምንቱ በሱቁ በር ሲያልፍ ባለሱቁ በእጁ ጠራው።

«ጋሼ፣ እህቷ መጣች!»

እውነትም ቁርጥ እሷን። ወንዙ ያው፣ ማማዎቹ ያው። ድልድዩ ላይ ያለችው ብል የበላት ቀዳዳ እንኳ አልቀረችም።

«ቀዳዳዋስ?» አለ ቀያሹ።

«ከአንድ ሰሌዳ ብዙ ካርታ ይታተም የለ? ተደራርበው ተቀምጠው ሳለ አንዱ ብል ሁሉንም ቀጥ አድርጎ በሳቸው። ሦስት ናቸው። ሦስቱንም የያዘ ሰው ደግሞ በዓለም የለም።»

ቀያሹ ገዛት። ሦስተኛዋንም ገዛ። ከዚያ ባለሱቁ ተሳስቶ ኖሮ ለካ አምስት ናቸው። ትንሽ ቆይቶም ሰባት ሆኑ።

ሚስቱ ምንም አልጠረጠረችም። እንዲያውም ሰሞኑን ፊቷ ፈክቷል። ቤቱን በቀን ሁለቴ ትጠርጋለች፤ መጥረጊያዋን አልጋው ሥርም ቁም ሳጥኑ ሥርም ሳይቀር ትሰዳለች። አዲስ ጫማም ገዝታለች። «እንዴት አድርጌ ሸወድኳት!» እያለ በሆዱ ይስቅ ነበር።

የጠረጠረው ጎረቤቱ ፋርማሲስቱ ነው። እሱም ካርታ ይሰበስባል፤ የሰብሳቢዎች ማኅበርም ሊቀመንበር ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ጃጀህ እንዴ? ያ ሌባ እኮ ጓሮው ውስጥ እያተመ ነው የሚሸጥልህ!»

«እውነተኛ ከሆኑስ?»

«ሰባቱም እውነተኛ ከሆኑ ሊቀመንበርነቱን ከነወንበሩ እለቅልሃለሁ። ሐሰተኛ ከሆኑ ግን በማኅበሩ ፊት ቆመህ ‹እኔ ጅል ነኝ› ትላለህ። ሦስት ጊዜ!»

ቀያሹ ምራቁን ዋጠ። ያቺ ባለመደገፊያ ወንበር በሕልሙ ሁሉ ትመጣበት ነበር።

ሰባተኛዋ በተገዛች ቀን ሚስቱ እህቷን ልትጠይቅ ወጥታ ነበር። ፋርማሲስቱ አጉሊ መነጽሩን ይዞ ከች አለ። መጀመሪያ በቀያሹ እጅ ያለችውን መረመረ። መስመሮቹን በጣቱ ዳበሰ፤ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳ፤ አሸተተው። ከዚያ ጥርሱን እንደታመመ ሰው ፊቱን አጨማደደ።

«ይቺስ… እውነተኛ ናት። ምንም ጥርጥር የለውም።»

«አላልኩህም!» ቀያሹ መሬት አልበቃው አለ።

«ቆይ እንጂ! ስድስቱ የታሉ?»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ትከሻቸውን ቁም ሳጥኑ ላይ ደግፈው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ብለው ገፉት። አንደኛው ወገቡን ያዘ፤ ሌላኛው ጉልበቱን። ቁም ሳጥኑ ሲጢጥ እያለ ከግድግዳው ራቀ።

ከኋላው ምንም የለም። ወለሉ እንደ መስታወት ያበራል። የሸረሪት ድር እንኳ የለም።

«ጉድ ፈላ!» አለ ፋርማሲስቱ። «ሰውየው ካርታውን በምን ቀለም ነው ያተመው? ይተናል እንዴ?»

ቀያሹ ሰባተኛዋን ደረቱ ላይ ለጥፎ እንደ ሐውልት ቀረ።

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ሚስቱ በአዲሱ ጫማዋ፣ መጥረጊያዋን እንደያዘች ገባች። ከቦታው የተነሳውን ቁም ሳጥን አየች፤ ፋርማሲስቱን አየች፤ በባሏ እጅ ያለችውን ካርታ አየች።

«ውይ፣ ገና አልጣልካትም እንዴ? በል ቶሎ ስጠኝ፣ ባለሱቁ ሳይዘጋ ልድረስ።»